ዳገት ላይ የሙቀት ጌጁ ሲወርድ መኪናውን አቁሙ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሙቀት ጌጁ «አስቸገረ» የተባለ ላንድክሩዘር ወይም ፒክአፕ በጎጃም መንገዶች ላይ ከሁለት አንዱ ይደርስበታል። ወይ ሾፌሩ «እሱ ድሮም አይታመንም» ብሎ ይተወዋል፤ ወይ ደግሞ ጋራዥ ሲገባ ሳይመረመር ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ዕቃ) ወጥቶ ይጣላል። ሁለቱም ሞተር ያስበላሉ። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ሦስተኛ መንገድ ስላለ ነው፦ የታመመው ጌጁ ይሁን ሞተሩ፣ ምንም ነገር ሳይፈታ በፊት መለየት። የሚያስፈልገው አንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ አንድ ትንሽ አምፖል፣ ጥቂት ሽቦና የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ነው።

የጌጅ ብልሽት የትም አገር ያው ነው ሊባል ይችላል። የእኛ መሬት ግን ይለያል። ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዓባይ ድልድይ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 1,400 ሜትር ያህል ይወረድና ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚሄደውም ያንኑ ወንዝ ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት። ጭነት የያዘ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ ከቆላው ሙቀት ውስጥ ሲወጣ ሞተሩ የሚያመነጨው ሙቀት ብዙ ነው፤ ራዲያተሩ የሚያገኘው ነፋስ ግን ትንሽ ነው። በዚያ ሰዓት ሾፌሩ ስለ ሞተሩ ሙቀት የሚነግረው ያ አንድ ጠቋሚ ብቻ ነው። ከጮቄ ሥር ወላድ ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወርደው አምቡላንስም ያንኑ ጠቋሚ አምኖ ነው የሚነዳው።

አሠራሩን እናስቀድም። በኮምፒውተር የማይታዘዙት የናፍጣ ሞተሮች ላይ፣ ዋን ኤች ዜድ ሞተር የተገጠመላቸውን ላንድክሩዘሮች ጨምሮ፣ ጌጁ ፖዘቲቩን ከቁልፉ በፊውዝ በኩል ያገኛል። ኔጌቲቩን የሚያገኘው ውሃ ውስጥ በተጠመቀው ሴንሰርና በሞተሩ አካል በኩል ነው። ሴንሰሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ኤሌክትሪክ ይከለክላል፤ ሲሞቅ ያሳልፋል። ብዙ ባሳለፈ ቁጥር ጠቋሚው ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሽቦው ከተበጠሰ ጌጁ «ቀዝቃዛ ነው» ይላል፤ ሽቦው ተልጦ የሞተሩን ብረት ከነካ «ፈላ» ይላል። ይህን የያዘ ሰው የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል።

ምርመራው የሚጀመረው ማለዳ ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ሳታስነሱት ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ጠቋሚውን ተመልከቱ። ወዲያው ተስፈንጥሮ ቀዩ ላይ ከወጣ ሞተሩ ንጹሕ ነው፤ ያደረ ሞተር በአንድ ሰከንድ አይፈላም። የሴንሰሩን ሽቦ ንቀሉት። ጠቋሚው ከወረደ ሴንሰሩ ውስጡ ተገናኝቷል፤ ካልወረደ ሽቦው አንድ ቦታ ብረት ነክቷል። ሽቦው በብዛት የሚላጠው ከሞተር ክፍል ወደ ዳሽቦርድ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ያለው ጎማ ሲያልቅ ነው፤ ወይም ማሰሪያው ተበጥሶ ጭስ ማውጫው ላይ ሲያርፍ። በረባዳና በድንጋያማ መንገድ የሚውል መኪና ላይ ይህ ከአስፋልት መኪና ቀድሞ ይመጣል። እህል በሚከማችበት ግቢ የሚያድር ከሆነ የአይጥ ጥርስም መፈለግ አለበት።

በዚያው ቅጽበት የነዳጅ ጌጁንም እዩ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልላል፤ ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የሚቆጥበው ግን ይህ ነው። በድሮዎቹ ላንድክሩዘሮችና ላንድሮቨሮች ላይ ሁለቱ ጌጆች ኤሌክትሪክ የሚቀበሉት ከአንድ የቮልት መቆጣጠሪያ ነው፤ በድሮው ላንድሮቨር መቆጣጠሪያው 10 ቮልት ይሰጣል። ሁለቱም ጌጆች አብረው ከሞቱ ፊውዙን፣ ቀጥሎ መቆጣጠሪያውን መርምሩ። ነዳጁም ሙቀቱም አብረው ከልክ በላይ ካሳዩ መቆጣጠሪያው ኔጌቲቩን አጥቶ የባትሪውን ሙሉ ቮልት እያሳለፈ ነው፤ ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለችውን ብሎን ነቅሎ፣ ዝገቷን ፍቆ መልሶ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የነዳጁ ጌጅ ልክ ሆኖ የሙቀቱ ብቻ ከተሳሳተ ጥፋቱ በሙቀቱ መስመር ላይ ነውና ወደ ሞተሩ ውረዱ።

እዚያ ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀሉና በሽቦው ጫፍና በሞተሩ ብረት መካከል 3.4 ዋት የሆነች ትንሽ አምፖል አገናኙ፤ ለዳሽቦርድ መብራት የምታገለግለው ዓይነት ናት። መኪናው 24 ቮልት ከሆነ አምፖሉም የ24 ይሁን። ቁልፉ ሲከፈት አምፖሉ ፈዘዝ ብሎም ቢሆን በርቶ ጠቋሚው ወደ ሙቁ በኩል ከተንቀሳቀሰ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፤ የቀረው ሴንሰሩ፣ ሶኬቱ ወይም ውሃው ነው። አምፖሉ ካልበራ ሽቦው ተበጥሷል ወይም የጌጁ ውስጥ ተቃጥሏል። አምፖሉ በርቶ ጠቋሚው ካልተነሣ ጌጁ ራሱ ተጣብቋል። ሽቦውን ያለ አምፖል በቀጥታ ብረት ላይ አስነክቶ መቆየት በብዙ ጋራዦች የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በሙቀት እየተጣጠፈ የሚሠራውን የድሮ ጌጅ ያቃጥላል። አንድ ብልሽት ሲፈለግ ሁለተኛ ብልሽት ይፈጠራል።

አምፖሉ የሚናገረው ጌጁ መንቀሳቀሱን ብቻ ነው፤ ልክ መናገሩን አያረጋግጥም። ለዚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ 220፣ 47 እና 22 ኦም የሆኑ ሦስት ሬዚስተሮችን (ኤሌክትሪክ የሚከለክሉ ትናንሽ ዕቃዎች፤ ኦም የክልከላው መለኪያ ነው) ግዙ፤ እንዳይቃጠሉ 2 ዋት የሚችሉ ይሁኑ። በሴንሰሩ ፈንታ አንድ በአንድ አገናኟቸው። በብዙ የቶዮታ ጌጆች ላይ በ220 ጠቋሚው ከታች፣ በ47 መሃል አካባቢ፣ በ22 ወደ ቀዩ ይጠጋል። የመኪናው ዓይነት ሲለያይ ቁጥሩም ትንሽ ይለያያልና፣ መኪናው ጤነኛ በነበረ ጊዜ ጠቋሚው በየትኛው ላይ የት እንደቆመ ጽፎ ማስቀመጥ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከፍ አድርጎ የሚናገር ጌጅ ሾፌሩን ያስደነግጠዋል እንጂ ሞተሩን አይጎዳም። ሞተር የሚገድለው ዝቅ አድርጎ የሚናገረው ነው። ለምሳሌ በ50 ዲግሪ 200 ኦም፣ በ90 ዲግሪ 45 ኦም፣ በ110 ዲግሪ 25 ኦም የሚለካ ሴንሰር እንውሰድ። የሴንሰሩ ሶኬት አረንጓዴ ዝገት ይዞ 20 ኦም ጨመረ እንበል። ማለዳ በ50 ዲግሪ 200 የነበረው 220 ይሆናል፤ ጠቋሚው ላይ የሚታየው ልዩነት ሁለት ዲግሪ ያህል ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ሞተሩ 110 ሲደርስ ግን 25 የነበረው 45 ይሆናል፤ 45 ደግሞ የ90 ዲግሪ ቁጥር ነው። ሞተሩ አደገኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ጌጁ መሃል ላይ ተረጋግቶ ይቆማል ማለት ነው። ዝገቱ ማለዳ አይታይም፣ ሜዳ ላይም አይታይም፤ የሚያሳስተው ልክ ዳገቱ ሲከብድ ነው። «ጌጁ ደህና ነበር፣ ሞተሩ በድንገት ያዘ» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሣል።

ስለዚህ ሶኬቱን ነቅላችሁ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አንጹ፣ የላላውን አጥብቁ፣ ከመግጠማችሁ በፊት ትንሽ ቫዝሊን ቀቡት። ከዚያ ሽቦውን ከጌጁ ጫፍ እስከ ሴንሰሩ ጫፍ በኦም ለኩ፤ ባትሪው ይነቀል። ጤነኛ ሽቦ ከ1 ኦም በታች ነው የሚያሳየው። 5 ወይም 10 ካሳየ ተቀጥሎ በፕላስተር የተጠቀለለ ቦታ አለና ፈልጋችሁ በብየዳ አያይዙት ወይም ሽቦውን ሙሉ ለውጡት። በጣት የተጠመዘዘ ቅጥያ በክረምት ጭቃና ውሃ ውስጥ የሚገባ መኪና ላይ ዕድሜ የለውም።

ሴንሰሩ በራሱ ክር በኩል ነው ኔጌቲቩን የሚያገኘው። ውሃ እንዳያፈስ ተብሎ ክሩ ላይ ነጭ ቴፕ ብዙ ጊዜ ሲጠመጠምበት ከሞተሩ ብረት ይለየዋል፤ ጠቋሚው ዝቅ ይላል ወይም ጨርሶ አይነሣም። ውሃ ማገጃ ካስፈለገ ጥቂት የክር ማጣበቂያ ከክሩ መሃል ላይ ብቻ ይቀባ፣ ጫፉ ብረት ለብረት ይንካ። ለማረጋገጥ ከሴንሰሩ ባለ ስድስት ማዕዘን አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለኩ፤ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት።

ሞተሩን ከባትሪውና ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ወፍራም የኔጌቲቭ ገመዶችም አይረሱ። ትልቁ መብራት ሲበራ የሙቀት ጠቋሚው ከፍ የሚል ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው የአካሉና የሞተሩ ግንኙነት ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱና የውስጥ ማራገቢያው በርተው፣ ቴስተሩን ወደ ዲሲ ቮልት አዙሩ፤ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ፣ ቀጥሎ የመኪናው አካል ላይ አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱን ፈትታችሁ ብረቱ እስኪያበራ ፍቃችሁ ግራሶ ቀብታችሁ እሰሩት። አንድ ብሎን በማጥበቅ የሚድን መኪና ላይ አዲስ ጌጅ ሲገዛ ማየት ያሳዝናል።

ሁለተኛው የዝቅተኛ ንባብ ምክንያት ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ሴንሰሩ ሙቀቱን የሚለካው ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ቱቦ ፈንድቶ ወይም ራዲያተሩ ቀስ እያለ አፍስሶ የውሃው መጠን ከሴንሰሩ በታች ሲወርድ፣ ሴንሰሩ አየርና እንፋሎት ውስጥ ይቀራል። አየር እንደ ውሃ ሙቀት አያስተላልፍምና ጠቋሚው ይወርዳል። ሾፌሩ «እፎይ፣ ቀዘቀዘ» ይላል፤ በዚያው ደቂቃ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) እየነደደ ነው። ዳገት እየወጣ ያለ፣ ጭነት የያዘ ሞተር በራሱ አይቀዘቅዝም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ በማርሽ ተይዞ ሲወርድ ጠቋሚው ትንሽ ዝቅ ቢል ትክክል ነው፤ ዳገት ላይ በድንገት ቢወርድ ግን ውሃው ሄዷል ብላችሁ ቁሙ። ለማረጋገጥ የውስጥ ማሞቂያውን ሙሉ ክፈቱት። ሞተሩ ሞቆ ሳለ የሚመጣው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ በማሞቂያው ቱቦ ውስጥ ውሃ እየዞረ አይደለም። ይህን ፍተሻ እየነዱ በጥቂት ሰከንዶች ማድረግ ይቻላል፤ መሣሪያም አይፈልግም። ማሞቂያው ከሥር ተነቅሎ የተደፈነበት መኪና ይህን ዕድል አጥቷልና ባለቤቶች ቢያስመልሱት እንመክራለን።

ሲቆም ደግሞ እንዴት እንደሚቆም። ከመንገዱ ወጣ ብላችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ውሃው እንዳልፈሰሰ ካያችሁና ጠቋሚው ከፍ ብሎ ከሆነ ሞተሩን አታጥፉ፤ ማርሹን ነጻ አድርጋችሁ ከስራ ፈት ትንሽ ከፍ ባለ ዙር፣ እስከ 1,500 ድረስ፣ አዙሩትና ማሞቂያውን ክፈቱ፤ ውሃው እየዞረ ይቀዘቅዛል። ውሃው ከፈሰሰ ወይም ጠቋሚው በድንገት ከወረደ ግን ወዲያው አጥፉት። የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ። የላይኛው ቱቦ በእጅ ተጨብጦ እስኪቻል ድረስ ግማሽ ሰዓትም ይሁን ከዚያ በላይ ጠብቁ። ውሃ የምትጨምሩት ሞተሩ ከበረደ በኋላ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሞተሩ ተነሥቶ በዝግታ እየዞረ ነው። በጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ብረቱን ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀ ቴስታታ ዋጋ ደግሞ ከጌጁ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

ሴንሰሩን ነቅሎ በድስት መፈተሽ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ከመጽሐፍ የተወሰደ ቁጥር እዚህ አገር ያሳስታል። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ አስቦ የተጻፈ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ በ94፣ ዓባይ ድልድይ ላይ በ96 አካባቢ፤ ጮቄ ላይ 3,500 ሜትር ስትደርሱ 88 ገደማ ነው። ስለዚህ በፈላ ውሃ ውስጥ ያለ ሴንሰር በመጽሐፉ የ100 ዲግሪ መስመር ላይ ያለውን ቁጥር ባይሰጥ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ቴርሞሜትር አብሮ ይግባ፤ ውሃው ሲሞቅ በ50፣ በ70፣ በ85 ዲግሪ ላይ ኦሙን ጻፉ። ቁጥሩ ሳይዘልል በእርጋታ መውረድ አለበት። ሽቦው ላይ መታ መታ ሲደረግ የሚዘልል ከሆነ ሴንሰሩ ውስጡ ተሰንጥቋል። ሴንሰሩ የድስቱን ሥር እንዳይነካ በሽቦ ይንጠልጠል፤ የብረቱ ሙቀት ከውሃው ይበልጣልና።

ይኸው የከፍታ ጉዳይ ቴርሞስታትን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን በ95 አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ድስት ውስጥ ያለው ውሃ 95 አይደርስም። ቴርሞስታቱ ግማሽ ብቻ ሲከፈት ያየ ሰው «ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል፤ 88 የተጻፈበት ከሆነማ ጨርሶ የማይከፈት ይመስላል። መፈተሽ ያለበት መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት ነው፤ በቴርሞሜትር፣ ከተጻፈበት ቁጥር ሁለት ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ልክ ነው። ሙሉ መከፈቱን ማየት የፈለገ በውሃ ፈንታ የራዲያተር ኩላንት ይጠቀም፤ ከውሃ በበለጠ ሙቀት ነው የሚፈላው። ኩላንት መርዝ ስለሆነ ደጅ ላይ ይሠራ፤ ያ ድስትም ከዚያ በኋላ ወደ ማድ ቤት አይመለስ።

ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል ደግሞ በፍጹም መቅረት አለበት። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፦ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞረውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ያጨሳል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ቴርሞስታት ካለው መኪና ቀድሞ ይሞቃል። ጌጁም አብሮ ግራ የሚያጋባ ይሆናል፤ ለረጅም ጊዜ ከታች ቆይቶ በድንገት ይነሣል። «ጌጁ ይዋዥቃል» ተብሎ የመጣ መኪና ላይ ቴርሞስታቱ መኖሩን ሳያዩ ሌላ ነገር መፍታት ጊዜ ማባከን ነው። አዲሱ ሲገጠም ትንሿ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን፤ ወደ ታች ከሆነች አየር ይታሰርና ሴንሰሩ ሐሰት ያነብባል።

የራዲያተር ክዳንም የከፍታው ጉዳይ ነው። 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ውስጡን አምቆ ስለሚይዝ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ያለ መኪና ውሃ እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ግን በ92 ያስፈላዋል፤ 92 ደግሞ ለጤነኛ ሞተር እንግዳ ሙቀት አይደለም። ጌጁ መሃል ላይ ሆኖ ራዲያተሩ ውሃ ከተፋ ሁልጊዜ ጌጁ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ክዳኑን ለውጡ። ከምርመራው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

የጌጁን ቃል ከውጭ ማረጋገጥ የሚፈልግ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይግዛ። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ከተተኮሰ ግን ከእውነቱ በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። የቴርሞስታቱ ቤት ላይ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፋችሁ ቴፑ ላይ አነጣጥሩ፤ ከውሃው ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ። በዚያው የራዲያተሩን ፊት ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ ለኩ። አንድ ቦታ በግልጽ ከቀዘቀዘ እዚያ ውስጡ ተደፍኗል። በመኸር ወቅት ደግሞ የጤፍ ገለባና የሣር ፍሬ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ይጠቀጠቃል፤ የሚታጠበው ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ ኃይሉ በቀነሰ ውሃ ነው። በኃይለኛ ውሃ ከፊት መግፋት ገለባውን ያጠብቀዋል፣ ክንፎቹንም ያጣምማል።

በኮምፒውተር የሚታዘዙት አዳዲሶቹ ሃይሉክሶችና ላንድክሩዘሮች ላይ የአምፖሉን ፈተና አትሞክሩ። ሴንሰሩ ባለ ሁለት ሽቦ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ነው የሚናገረው፤ ጌጁም የሚሰማው ከኮምፒውተሩ ነው። እዚህ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ያስፈልጋል። ስካነሩ ከሚያወጣቸው የብልሽት ኮዶች ፒ 0117 ሴንሰሩ ወይም ሽቦው መገናኘቱን፣ ፒ 0118 መበጠሱን ይጠቁማል፤ ፒ 0128 ሞተሩ በጊዜው አለመሞቁን፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ክፍት የቀረ ወይም የወጣ ቴርሞስታትን ያመለክታል። ኮድ ባይኖርም ማለዳ ሞተሩን ሳታስነሱ የውሃውን ሙቀትና የሚሳበውን አየር ሙቀት በስካነሩ አነጻጽሩ። ያደረ መኪና ላይ ሁለቱ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱ 15 ሌላው 40 ካለ ከሁለቱ አንዱ ተበላሽቷል። ስካነሩ 88 እያለ ጠቋሚው ከታች ከተኛ ችግሩ ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው። በብዙዎቹ ላይ ጠቋሚው እንዳይዋዥቅ ተብሎ ከ75 እስከ 100 ዲግሪ ገደማ መሃል ላይ ዝም ብሎ እንዲቆም ተደርጓል። ስለዚህ ከመሃል ጥቂት እንኳ ከፍ ካለ ሞተሩ ብዙ መንገድ ሄዷል ማለት ነውና «ትንሽ ናት» አይባልም። በዓባይ በረሃ የሚመላለስ ሰው ዲግሪውን በቁጥር የሚያሳይ ተጨማሪ ጌጅ ቢያስገጥም ገንዘቡ በከንቱ አልወጣም። በድሮው ሞተር ላይ በቀጭን የመዳብ ቱቦ የሚሠራውና ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ዓይነት ይመረጣል፤ ቱቦው እንዳይታጠፍ ብቻ ተጠንቀቁ።

በመጨረሻ ለዕቃ ነጋዴዎችና ለገዢዎች። ክሩ ገጠመ ማለት ሴንሰሩ ገጠመ ማለት አይደለም። በአንድ ሞተር ላይ ለጌጁ የሚያገለግል ሴንሰርና ማለዳ ሞተሩን ለማስነሣት የሚረዱትን ማሞቂያዎች የሚያዝ ሌላ ሴንሰር ሊኖር ይችላል፤ መልካቸው ይመሳሰላል፣ ኦማቸው ግን የተለያየ ነው። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለቱን በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ በቴስተር ለኩ። አሮጌው ጨርሶ ካልሞተ ቁጥራቸው መቀራረብ አለበት፤ አዲሱ ከዚያ በብዙ የራቀ ከሆነ አትግዙት። ነጋዴው ይህን ፈተና በሱቁ በር ላይ ቢፈቅድ ተመላሽ ዕቃ ይቀንስለታል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና የአምቡላንስ ስምሪት ኃላፊዎችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። የየመኪናው መዝገብ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፉ፦ የሴንሰሩ ኦም ማለዳ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ፣ ኦሙ ሞተሩ ሲሞቅ፣ እና በዚያው ሰዓት በጥቁሩ ቴፕ ላይ የተለካው ዲግሪ። በየስድስት ወሩ፣ አንዱ መስከረም ላይ ክረምቱ እንደወጣ ይሁን፣ እንደገና ይለካና ከቀድሞው ጋር ይነጻጸር። ቁጥሩ የተለወጠበት መኪና ሶኬቱና የኔጌቲቭ ገመዱ ሳይታይ ወደ በረሃው አይውረድ።

ከአክብሮት ጋር፣
በመኪና ሜካኒክነትና በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች፣
ደብረ ማርቆስ